በአሜሪካ በርገር ቤት እንዴት እንደሚታዘዝ፣ እንደሚበላና እንደሚከፈል

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂንያ ከተሞች ቅዳሜ ማታ ሞቅ ደመቅ የሚሉት በርገር ቤቶች አገሩን ላልለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ግር ሊሉት ይችላሉ፤ ሙዚቃው ከፍ ያለ ነው፣ አስተናጋጁ ይፈጥናል፣ ጥያቄውም ይበዛል። የእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ምን እንደሚያስከትል ቀድሞ ያወቀ ሰው ግን ከቤተሰቡ ጋር ተደስቶ በልቶ ይወጣል።

እንደገቡ ክፍት ወንበር አይተው ከመቀመጥዎ በፊት በሩ አጠገብ ተቀባይ መኖሩን ይመልከቱ። ካለ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ ነግረው ስምዎንና ስልክ ቁጥርዎን ያስመዝግቡ፤ ጠረጴዛ ሲለቀቅ ይጠራሉ። የባንኮኒው ወንበሮች በአብዛኛው ቀድሞ ለደረሰ ሰው ስለሆኑ፣ ብቻዎን ወይም ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ እዚያ መቀመጡ ወረፋ ያሳጥራል። አዛውንት ወይም ሕፃናት አብረዋችሁ ካሉ ግን ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ ጠረጴዛ ይጠይቁ። ቢራ የሚያዝዝ ሁሉ 21 ዓመት የሞላው መሆኑን የሚያሳይ መታወቂያ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ጸጉሩ የሸበተም ቢሆን መንጃ ፈቃዱን ወይም ፓስፖርቱን ይያዝ።

ሜኑው ላይ የሚጻፈው የሥጋ ክብደት ከመጠበሱ በፊት ያለው ነው። ሩብ ፓውንድ 113 ግራም ያህል ሲሆን ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ግማሽ ፓውንዱን ለሁለት መካፈል ይቻላል። የድንች ጥብሱ ከበርገሩ ጋር የሚመጣ ወይም ለብቻው የሚከፈልበት መሆኑንም አብረው ይጠይቁ።

ቀጥሎ አስተናጋጁ ሥጋው ምን ያህል እንዲበስልልዎ ይጠይቃል፤ ይህንን ጥያቄ ሳያስቡበት አይመልሱ። «ሚድየም ሬር» ከተባለ መሃሉ ቀይ ሆኖ ይመጣል፣ «ሚድየም» ሮዝ ነው፣ «ዌል ደን» እስከ ውስጡ የበሰለ ነው። ክትፎና ጥሬ ሥጋ እየበላን ላደግን ሰዎች ቀይነቱ የሚያስፈራ አይመስለንም፤ ሆኖም የተፈጨ ሥጋ ከሙዳ ሥጋ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሙዳው ላይ ጀርሞች በአብዛኛው የሚገኙት ከላዩ ስለሆነ እሳቱ ሲነካው ይሞታሉ፤ ሲፈጭ ግን በላዩ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የብዙ ከብቶች ሥጋም ሊቀላቀልበት ይችላል። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የተፈጨ የበሬ ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በምዕራብ አሜሪካ ግዛቶች በደንብ ባልበሰለ በርገር ሳቢያ በተዛመተው የኢ. ኮላይ በሽታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመው 4 ሕፃናት ሞተዋል። ስለዚህ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ያለ ምንም ማመንታት ዌል ደን ይዘዙ። ሥጋው እንዳይደርቅ የሚሰጋ ሰው «ስማሽ» የሚባለውን ይምረጥ፤ በጋለ ብረት ላይ ተጨፍልቆ ስለሚጠበስና ስስ ስለሆነ ፈጥኖ እስከ ውስጡ ይበስላል፣ ጠርዙም ጥርት ብሎ ይጠበሳል። በእኔ አስተያየት ከወፍራሙ ይልቅ የሚጣፍጠውም እርሱ ነው።

ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም የሚሄድ ጿሚ «ቬጀቴሪያን» የሚለውን ቃል ብቻ አምኖ እንዳያዝዝ አደራ እላለሁ፤ እንዲህ የተባለ ምግብ እንቁላልና አይብ ሊኖረው ይችላልና። ጠይቀው ማረጋገጥ ያለብዎ «ቪጋን»፣ ማለትም ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር የሌለበት፣ መሆኑን ነው። ኢምፖሲብልና ቢዮንድ የሚባሉት የአትክልት በርገሮች ራሳቸው የእንስሳት ተዋጽኦ የለባቸውም፤ ይሁንና በላያቸው አይብ ሊደረግ፣ ማዮኔዝ ሊቀባ ይችላል፤ ብሪዮሽ የሚባለው ለስላሳ ዳቦም በተለምዶ በቅቤና በእንቁላል ይሠራል። ስለዚህ ዳቦውን፣ ስጎውንና መጥበሻውን ለየብቻ ይጠይቁ፤ ዳቦው ካልሆነ በሰላጣ ቅጠል እንዲጠቀለልልዎ ማዘዝ ይቻላል። የአሳማ ሥጋ የማይበሉም እንዲሁ ቤከን ስሙ ባልተጠቀሰበት በርገር ውስጥ ሊገባ እንደሚችል አውቀው «ያለ ቤከን» ይበሉ፤ በአንድ ምጣድ መጠበሱ የሚያስጨንቃቸው ሙስሊም ወገኖች ደግሞ ሐላል መሆኑን በግልጽ ወደሚያሳውቅ ቤት ቢሄዱ ይሻላል።

ሒሳቡን አንድ ሰው የሚከፍል ከሆነ ገና ሲታዘዝ ለአስተናጋጁ ቀስ ብሎ ይንገር፤ በመጨረሻ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» የሚለው ግብግብ በተጨናነቀ ቤት ውስጥ ሌላውን ያስጠብቃል። ለየብቻ የምትከፍሉ ከሆነም ይህ ቀድሞ መነገር አለበት።

ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ታክስ አይጨምርም። ለምሳሌ በዲሲ የምግቡ ዋጋ 60 ዶላር ቢሆን፣ 10 በመቶ ታክስ 6 ዶላር ይሆናል፤ በዋጋው ላይ 20 በመቶ ቲፕ (ለአስተናጋጁ የሚሰጥ ጉርሻ) 12 ዶላር ሲጨመር በጠቅላላው 78 ዶላር ይከፈላል። በጠረጴዛ ቀርቦ የሚያስተናግድ ባለበት ቤት ከ18 እስከ 20 በመቶ መስጠት የተለመደ ነው። ይህንን እንደ ትርፍ ወጪ የሚያዩ ሰዎችን ሳገኝ አዝናለሁ፤ በፌዴራል ሕግ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ አሠሪው የሚከፍለው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዓት 2.13 ዶላር ነው፣ ቨርጂንያም በዚሁ ትሠራለች፤ ሳህኑን ከሚያመጡት መካከልም የገዛ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ቢሆንም ሁለት ጊዜ እንዳይከፍሉ ደረሰኙን ያንብቡ፤ አንዳንድ ቤት የአገልግሎት ክፍያ ራሱ ይጨምራል፣ ያ ገንዘብ ለአስተናጋጁ የሚደርስ መሆኑንም መጠየቅ ይችላሉ። በካርድ ሲከፍሉ ደረሰኝ በወረቀት ከመጣልዎ፣ ቲፑንና ድምሩን ጽፈው ፈርመው አንዱን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ይተዉ።

የተረፈ ምግብ ካለ ይዘውት የሚሄዱበት ቦክስ ይጠይቁ፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው። በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በማግስቱም ሰላጣውና ቲማቲሙ ወጥቶ ሥጋው በደንብ ይሙቅ።