የሞተርሆም ባትሪ አልሞላ ሲል የሚሠሩ ስህተቶች

ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ የሚኖርበት መኪና፣ ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ሞተር ያስነሳል። ሌላው መብራቱን፣ የውኃ ፓምፑን፣ የስልክ ቻርጀሩን የሚችለው የቤት ባትሪ ነው። ይሄኛው አልሞላ ሲል ብዙ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይታየዋል፤ አውጥቶ አዲስ መግዛት። ከዚያ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ያው ይሆናል። ባትሪ ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የሱ አይደለም። ጥፋቱ ያለው ኃይሉ ወደ ባትሪው በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ስህተቶች እዩዋቸው።

ሳይለኩ መፍረድ

አንድ ርካሽ መልቲሜትር፣ ቮልትና አምፔር የሚለካ መሣሪያ፣ ይበቃል። ያለሱ የሚደረገው ሁሉ ግምት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ የሚያሳየውን ቁጥርም በጭፍን አትመኑ፤ ሽቦው ረጅም ከሆነ ወይም መሣሪያው ከተዛባ ይዋሻል። የምትለኩት እዚያው ባትሪው ጫፍ ላይ ነው፣ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ላይ።

ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ወደ 12.7 ቮልት ያሳያል። 12.2 አካባቢ ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከወረደ በጣም ወርዷል፣ ሊጎዳም ይችላል ብላችሁ አስቡ። ታዲያ እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ባትሪው ካረፈ ብቻ ነው። ከቻርጀር እንደወረደ ከለካችሁት 13 ምናምን ሊያሳይ ይችላል፣ ባዶም ቢሆን። ጥቂት ሰዓት ምንም ሳይሞላና ሳይሠራ ይቆይ፣ ከዚያ ለኩ።

ቀጥሎ ቻርጀሩን ሰክታችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ መነሳት አለበት፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ እየቆየ እስከ 14 ቮልት ተኩል አካባቢ። ንቅንቅ ካላለ ወደ ባትሪው የሚገባ ነገር የለም። ሊቲየም ከሆነ ግን ቮልቴጁ ብዙ አይነግራችሁም። ሊሞላ ሲልም ግማሽ ላይም ሲሆን የሚያሳየው ቁጥር ተቀራራቢ ነው። ለሱ የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር የሚቆጥር መሣሪያ ያስፈልጋል።

ሦስቱን የኃይል ምንጮች አንድ ላይ መፈተሽ

የቤት ባትሪ ከሦስት ቦታ ይሞላል፤ ከውጭ ከሚሰካው መብራት፣ ከሞተሩ ዲናሞ እና ከሶላሩ። ፀሐይ እያለ፣ መብራት ተሰክቶ፣ ሞተርም ተነሥቶ ከለካችሁ ማን ምን እንደሰጠ አታውቁም። አንድ በአንድ ሂዱ። ሶላሩን ለማግለል ቀላሉ መንገድ ማታ መለካት ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሸወድበት አንድ ነገር አለ። መብራት ሰክቶ ፍሪጁ ሲሠራ ካየ ቻርጀሩም እየሠራ ይመስለዋል። ቻርጀሩ ግን የራሱ ማብሪያ ወይም የራሱ ፊውዝ ሊኖረው ይችላል። አንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ ዋናው የባትሪ ማብሪያ ከጠፋ ቻርጅ አያልፍም። ሰው ለጥንቃቄ ብሎ ያጠፋውና ለምን አልሞላም ብሎ ይጨነቃል።

ፊውዝን በዓይን አይቶ ማለፍ

ብዙ ሰዓት የሚበላው ይሄ ነው። ፊውዙን መዝዞ፣ ወደ ብርሃን ይዞ፣ «ደህና ነው» ብሎ መመለስ። ሽቦው ሳይበጠስ መያዣው ዝጎ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ወይም ትንሽ ቀልጦ ካያችሁ እዚያ ሙቀት ነበረ ማለት ነው። ከሞተሩ ባትሪ ወደ ቤት ባትሪ በሚሄደው ገመድ ላይ በሁለቱም ጫፍ ፊውዝ መኖሩንም አትርሱ። አንዱን አግኝቶ ሌላውን የማይፈልግ ብዙ ነው።

ፊውዝ ተቃጠለ ብሎ ከፍ ያለ አምፔር መክተት ደግሞ ጭራሽ የማይሞከር ነው። ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ትልቅ ከከተታችሁ የሚቃጠለው ገመዱ ይሆናል።

ከዓይን የተሻለ መንገድ ይሄ ነው። ቻርጀሩ እየሞላ ሳለ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ ቻርጀሩ ፖዘቲቭ መውጫ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። አዎ፣ ሁለቱንም ፖዘቲቭ ላይ። የምታዩት በመንገድ የጠፋውን ቮልቴጅ ነው። 0.1 ወይም 0.2 ከሆነ እለፉት። ግማሽ ቮልት ከሆነ መሀል ላይ የሚበላ ነገር አለ። አሁን ባትሪው ላይ ያለውን ጫፍ ወደ ቻርጀሩ እያቀረባችሁ በየመገናኛው ንኩ፤ ከፊውዙ በኋላ፣ ከፊውዙ በፊት፣ ከማብሪያው በፊት። ቁጥሩ በአንዴ ዝቅ ያለበት መገናኛ ነው ሌባው። ፖዘቲቩ ንጹሕ ከሆነ ኔጌቲቩንም እንዲሁ ፈትሹ። ከሻሲው፣ ከመኪናው የብረት አካል፣ ጋር የታሰረው ብሎን ዝገትና ቀለም በጣም ይወዳል።

ግማሽ ቮልት ምን አላት እንዳትሉ። ከቻርጀሩ 14.4 ወጥቶ ባትሪው ጋ 13.8 ከደረሰ ባትሪው ሙሉ ለመሆን ብዙ ይዘገያል፤ ቻርጀሩ ደግሞ እሱን ሳይጠብቅ ጨርሻለሁ ይላል። የእርሳስ ባትሪ ሁልጊዜ በከፊል ብቻ እየተሞላ ከኖረ ውስጡ ያለው ሰልፌት ይጠነክርና አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ያኔ በእርግጥም ባትሪው ይሞታል። የገደለው ግን ዝገት ነው።

ሞተር አስነሥቶ መጠበቅ

ቆሞ ሞተር ማስነሣት ነዳጅ ማቃጠል ነው። በዝቅተኛ ዙር ዲናሞው የሚሰጠው ትንሽ ነው። ነድቶ ቢሆን እንኳ አጭር መንገድ አይሞላም፤ የእርሳስ ባትሪ የመጨረሻዋን 20 በመቶ የሚቀበለው በብዙ ሰዓት ነው።

አዳዲስ መኪኖች ላይ፣ በተለይ ዩሮ 5 እና ዩሮ 6 በሚባሉት የአውሮፓ የጭስ ደረጃዎች በተሠሩት፣ ሌላ ጣጣ አለ። የብዙዎቹ ዲናሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል የሞተሩ ባትሪ ሲሞላ ቮልቴጁን ያወርዳል። በድሮው ሪሌ፣ ሞተር ሲነሣ ሁለቱን ባትሪዎች በሚያገናኘው ማብሪያ፣ የተገናኘ የቤት ባትሪ ያኔ ምንም አያገኝም። ስለዚህ ሞተር እንደተነሣ ለክታችሁ 14.2 ስላያችሁ ተደስታችሁ አትሂዱ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ የቤት ባትሪው ላይ ድጋሚ ለኩ። ወደ 12 ምናምን ከወረደ መፍትሔው ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ዲሲ ዲሲ ቻርጀር ማስገባት ነው። ሪሌ መቀያየር እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ቻርጀሩን ለባትሪው ዓይነት አለማስተካከል

ቻርጀሮች ላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ መቀየሪያ አለች፤ የባትሪውን ዓይነት የምትመርጥ፣ ውኃ የሚጨመርበት፣ ጄል፣ ኤጂኤም (ሁለቱም ውኃ የማይጨመርባቸው የእርሳስ ባትሪዎች)፣ ሊቲየም። ባትሪ ሲቀየር እሷን የሚነካ ጥቂት ነው። ጄል ከልክ በላይ ቮልቴጅ ካገኘ ይበላሻል። ሊቲየም ደግሞ ከ0 ዲግሪ በታች ቅዝቃዜ ላይ መሞላት የለበትም። በብርድ ጠዋት አልሞላ ካለ ውስጡ ያለው መከላከያ ዘግቶት ይሆናል፤ ሲሞቅ ይመለሳል።

ጨርሶ የወረደ ባትሪም እንዲሁ ያሳስታል። ዘመናዊ ቻርጀር በጣም ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ሲያይ ባትሪ የተሰካ አይመስለውም፣ ዝም ይላል። ቻርጀሩ ተበላሸ ማለት አይደለም።

ሶላሩን በተሳሳተ ቅደም ተከተል ማሰር

ከፓናሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል ለሚቆጣጠሩት አብዛኞቹ ኮንትሮለሮች መጀመሪያ ባትሪው ይታሰራል፣ ከዚያ ፓናሉ። ሲፈታ በተቃራኒው። ፓናሉን ደግሞ ጥረጉት፤ ጥግ ላይ ያረፈች ጥላ ብቻዋን ብዙ ኃይል ትወስዳለች።

የሚፈሰውን ረስቶ የሚሞላውን መክሰስ

አንዳንዴ ቻርጁ ደህና ነው፣ ባትሪው ግን ጠዋት ባዶ ነው። የባትሪውን ኃይል ወደ ግድግዳ መብራት ዓይነት የሚቀይረው ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት እንኳ ከበራ ይበላል። ግማሽ አምፔር ብቻ ቢፈስ በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ነው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአራት ቀን ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ሁሉን አጥፍታችሁ የሚወጣውን አምፔር ለኩ፣ ከዚያ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀላችሁ የሚቀንሰውን ፈልጉ።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ ባትሪውን መጠርጠር ይቻላል። ሙሉ ሞልታችሁ፣ ሁሉን ፈትታችሁ፣ አንድ ሌሊት አሳድሩት። የእርሳሱ ጠዋት ከ12.4 በታች ከተገኘ አርጅቷል። ሲሞላ የሚግል፣ የሚያብጥ ወይም የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ግን ምንም አትጠብቁ። ቻርጁን ከምንጩ አጥፉ፣ በሩን ከፍታችሁ አናፍሱ፣ እሳት አታቅርቡ። ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ከታሰረ ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል።