ስለ ኃይል ቆጣቢ ቺፕ ስታጠኑ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ኤሌክትሮኒክስ የምታጠኑና ለመመረቂያችሁ ከአዲሶቹ ትራንዚስተሮች (ቺፕ ውስጥ ጅረትን የሚያበሩና የሚያጠፉ ጥቃቅን ክፍሎች) አንዱን ለመያዝ የምታስቡ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

መጀመሪያ ስሙን አትመኑ። «3 ናኖሜትር» ሲባል የትራንዚስተሩ ርዝመት ይመስላል። አይደለም፤ የትውልድ መጠሪያ ነው። ጎን ለጎን ባሉ ሁለት በሮች (የትራንዚስተሩን ጅረት በሚከፍቱና በሚዘጉ ክፍሎች) መካከል ያለው ርቀት እንኳ 40 ናኖሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሳምሰንግ በ2022 በዚህ ስም ማምረት ሲጀምር ትልቁ ለውጥ ቅርጹ ነበር። በሩ የጅረቱን መተላለፊያ በአራቱም ጎን ከበበው። ስለዚህ ጥብቅ አድርጎ ይዘጋል፣ ተዘግቶም የሚያፈሰው ጅረት ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ትራንዚስተሩን ብቻ ማየት። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ሆሮዊትዝ በ2014 ባቀረቡት ስሌት፣ በ45 ናኖሜትር ቺፕ ሁለት ባለ32 ቢት ሙሉ ቁጥሮችን መደመር 0.1 ፒኮጁል (ፒኮጁል የጁል ትሪሊዮንኛ ነው) ያህል ይፈጃል። 64 ቢት ዳታ ከዲራም (ከፕሮሰሰሩ ውጭ ካለው ዋና ሚሞሪ) ማምጣት ግን ከ1300 እስከ 2600 ፒኮጁል ይወስዳል። ሽንኩርቱን ለመክተፍ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ለእያንዳንዷ ራስ ሽንኩርት ገበያ ደርሳችሁ የምትመለሱ ከሆነ ግን ቢላዋውን ብትስሉት ምን ይጠቅማችኋል? መጀመሪያ ጉልበቱ የት እንደሚያልቅ ለኩ።

ስለ 60 ሚሊቮልት ደግሞ ተጠንቀቁ። በክፍል ሙቀት፣ በተለመደው ትራንዚስተር፣ ጅረቱን በ10 እጥፍ ለመቀነስ በሩ ላይ ቢያንስ 60 ሚሊቮልት መቀነስ ግድ ነው። ከ2005 አካባቢ ወዲህ የቺፕ ቮልቴጅ እንደ ድሮው መውረድ ያቃተው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ተነል ትራንዚስተር (ኤሌክትሮኖች ግርዶሹን ዘለው ሳይሆን ሰርስረው የሚያልፉበት) ይህን ወሰን ማለፍ ይችላል፣ በጣም ደስ ይላል። ችግሩ ሲከፈት የሚያሳልፈው ጅረት ትንሽ ነው። ቺፑ ይዘገያል፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ የቀረው ክፍል ኃይል ሲያፈስ ይቆያል፣ በስተመጨረሻም ለአንድ ስሌት የወጣው ጉልበት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ «ከ60 በታች» የሚል ግራፍ ስታዩ በስንት ጅረት ላይ እንደሆነ እዩ።

ሚሞሪው ውስጥ ራሱ ማስላትም እንዲሁ ነው። ኢንጂነሩ ሊዮን ቹዋ በ1971 በሐሳብ ያቀረቡት ሜምሪስተር (ያለፈበትን ጅረት የሚያስታውስ ሬዚስተር) ማባዛትና መደመሩን በኦም ሕግና በጅረት ድምር ይሠራዋል። ግን ውጤቱ አናሎግ ነው። ወደ ዲጂታል የሚቀይረው ክፍል ከፍተኛ ኃይልና ቦታ ይበላል። እሱን ሳትቆጥሩ «ይህን ያህል ቆጠብኩ» አትበሉ፣ እባካችሁ።

መብራት ሲጠፋ የማይረሱ ሚሞሪዎችን ሁሉም ቦታ አትክተቱ። አብዛኛውን ጊዜ ለሚተኛ ሴንሰር ግሩም ናቸው። በየቅጽበቱ ለሚጻፍበት ካሽ (ለፕሮሰሰሩ ቅርብ ለሆነው ፈጣን ሚሞሪ) ግን መጻፉ ራሱ ውድ ነው።

የመጨረሻው ስህተት አንድ ጥሩ ናሙና ብቻ ለክቶ መደምደም ነው። በ2019 በአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ውስጥ በካርቦን ናኖቲዩብ (እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ) የተሠራው ፕሮሰሰር ከ14 ሺህ በላይ ትራንዚስተሮች ነበሩት። እኔ በጣም የማደንቀው ተመራማሪዎቹ ናኖቲዩቦቹ ፍጹም ንጹሕ እስኪሆኑ አለመጠበቃቸውን ነው። አንዳንዶቹ ናኖቲዩቦች እንደ ብረት ሆነው ጨርሶ አይዘጉም፤ ተመራማሪዎቹ ግን ሰርኪዩቱን ያንን ችሎ እንዲሠራ አድርገው ነደፉት። የእናንተም ግራፍ ሥር ስንት ናሙና እንደተለካና ልዩነታቸው ምን ያህል እንደሆነ ጻፉ።