የአሜሪካ ግዙፍ ገንዘብ አስተዳዳሪዎች የያዙትን አክሲዮን እንዴት ማየት ይቻላል?

በአሜሪካ ገበያ ቢያንስ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡ አክሲዮኖችን የሚያስተዳድር ድርጅት፣ በየሩብ ዓመቱ ይዞታውን የመግለጽ ግዴታ አለበት። ግዴታው በሕግ የተጣለው በ1975 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ወሮችና ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን ቅጹ «13ኤፍ» (13F) ይባላል። ሰነዱን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላል። እያለ ግን ብዙ ሰው በወሬ ብቻ ገንዘቡን ያወጣል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ «ኤድጋር» (EDGAR) ወደሚባለው የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን የመረጃ ቋት ይግቡና የድርጅቱን ስም ይፈልጉ። ታዋቂው ባለሀብት ዋረን ባፌት ለዓመታት የመራውን ድርጅት ይዞታ የሚሹ ከሆነ የሚጽፉት «በርክሻየር ሃታዌይ» (Berkshire Hathaway) ነው። ከሰነዶቹ መካከል «13ኤፍ-ኤችአር» (13F-HR) የሚለውን ይምረጡ። «13ኤፍ-ኤንቲ» (13F-NT) ይዞታው በሌላ አስተዳዳሪ ሰነድ ውስጥ መመዝገቡን ብቻ የሚያሳውቅ ስለሆነ ዝርዝር አያገኙበትም።

ቀጥሎ የይዞታውን ሠንጠረዥ ይክፈቱ። የኩባንያው ስም፣ መለያ ቁጥሩ፣ የገበያ ዋጋውና የአክሲዮኑ ብዛት በየረድፉ ተቀምጠዋል። አንድ ኩባንያ በብዙ ረድፍ ተደጋግሞ ቢመጣ አይደናገጡ፤ በበርክሻየር ሰነድ አፕል እንዲህ ተበታትኖ ይገኛል፤ ደምሩት። የድሮ ሰነድ ከሆነ ደግሞ ይጠንቀቁ፦ እስከ 2022 መጨረሻ ዋጋ የሚጻፈው በሺህ ዶላር ነበር፤ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ግን በሙሉ ዶላር ነው።

ዋናው ሥራ ሁለት ተከታታይ ሩብ ዓመቶችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። የሚያወዳድሩትም የአክሲዮኑን ብዛት እንጂ ዋጋውን አይሁን። በርክሻየር በሰኔ 2024 መጨረሻ 400 ሚሊዮን የአፕል አክሲዮን ነበረው፤ በመስከረም መጨረሻ 300 ሚሊዮን ቀረው። ሩቡን ሸጧል ማለት ነው። የይዞታው ዋጋ ግን ከ84 ቢሊዮን ዶላር ወደ 70 ቢሊዮን ገደማ ነው የወረደው፤ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ በመካከሉ ስለጨመረ ዋጋውን ብቻ ያየ ሰው የሽያጩን ስፋት አሳንሶ ይረዳዋል።

ከዚያ ቀኑን ይመልከቱ። አስተዳዳሪዎች ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ 45 ቀን ይሰጣቸዋል፤ አብዛኞቹም እስከ መጨረሻው ቀን ይጠብቃሉ። እርስዎ በየካቲት አጋማሽ የሚያነቡት የታኅሣሥ 31ን ይዞታ ነው፤ ባለቤቱ እስከዚያ ሸጦት ሊሆን ይችላል።

የማይታየውንም ይወቁ፦ ጥሬ ገንዘብ፣ በውጭ ገበያ ብቻ የሚሸጡ አክሲዮኖች፣ ዋጋቸው ይወድቃል ተብሎ ተበድረው የተሸጡ አክሲዮኖች ቅጹ ላይ የሉም። አክሲዮንን ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ ወይም የመግዛት መብት ውል ሲኖር ደግሞ የሚጻፈው ዋጋ ለውሉ የተከፈለው ሳይሆን ከሥሩ ያለው አክሲዮን የሚያወጣው ነው። በነሐሴ 2023 የአሜሪካዊው ባለሀብት የማይክል በሪ ድርጅት «በገበያው ውድቀት ላይ 1.6 ቢሊዮን ዶላር አስያዘ» ተብሎ የተናፈሰው ከዚህ የመነጨ ነው፤ እንዲህ ላለው ውል የሚከፈለው የዚያ ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው።

በመጨረሻም ማሻሻያ ሰነዶችን ይፈትሹ፤ በቅጹ ስም ጫፍ ላይ «ኤ» (A) የሚል ፊደል አላቸው። ኮሚሽኑ አንዳንድ ግዢ ለጊዜው በምስጢር እንዲያዝ ስለሚፈቅድ ሠንጠረዡ ሙሉ ላይሆን ይችላል። በርክሻየር ከ2023 ጀምሮ ቸብ የተባለውን የመድን ኩባንያ አክሲዮን ሲሰበስብ ሕዝቡ ያወቀው በግንቦት 2024 ነው።