ሆስፒታል የተኛ ዘመድን ሲያስታምሙ ኢንፌክሽንን መከላከልና አንቲባዮቲክን በአግባቡ መጠቀም የሚቻለው እንዴት ነው?

በጥቁር አንበሳ፣ በዘውዲቱ፣ በራስ ደስታም ሆነ በየካቲት 12 ሆስፒታል ሰው አስተኝቶ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ በሽተኛውን የሚያገላብጠው፣ የሚያጎርሰው፣ ሽንት ቤት የሚያደርሰውና ሌሊቱን አጠገቡ ወንበር ላይ የሚያነጋው በአብዛኛው አስታማሚው ነው። ነርሷ ብዙ በሽተኛ ስላለባት አንዱ አልጋ ዘንድ የምትደርሰው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ የአስታማሚው እጅ ግን ከበሽተኛው አይለይም። ስለዚህ የኢንፌክሽን መከላከል ሥራ ጋዋን ለለበሱት ብቻ የተተወ አይደለም፤ የሚከተሉትም ደረጃዎች ለአስታማሚው የተጻፉ ናቸው።

1. ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ይዘጋጁ

ጥፍርዎን ይቁረጡ፤ ቀለበትና አምባርም ቤት ያስቀምጡ። ሳሙና፣ ሳኒታይዘር፣ ለበሽተኛው ብቻ የሚሆን ፎጣ፣ እንዲሁም ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰሞን አንድ ትንሽ ጄሪካን ውኃ ይያዙ። ጉንፋን፣ ሳል ወይም ተቅማጥ ከያዘዎት ተራዎን ለሌላ የቤተሰብ አባል ይስጡ፤ ይህ ችላ ማለት ሳይሆን ለበሽተኛው ማሰብ ነው።

2. እጅዎን በጊዜውና በሥርዓቱ ይታጠቡ

እ.ኤ.አ. በ1847 ኢግናዝ ዜመልዋይስ የተባለ ሐኪም በቪየና ማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ አስከሬን መርምረው የሚመጡ ሐኪሞች እናቶችን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ የወላዶች ሞት በእጅጉ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መሣሪያና መድኃኒት ቢፈለሰፍም ይህንን የሚተካ አልተገኘም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው በሳሙናና በውኃ መታጠብ ከጀመሩበት እስኪጨርሱ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በሳኒታይዘር ማሸት ደግሞ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ሊወስድ ይገባል። መዳፍ ለመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሐል፣ አውራ ጣትና የጣት ጫፎች ሁሉም ይታሻሉ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው አውራ ጣቱንና የጣቶቹን ጫፍ ነው። ቧንቧው ከጠፋ ሌላ ሰው በጆግ ያስታጥብዎ እንጂ ብዙ ሰው እጁን የነከረበት ሳፋ ውስጥ አይታጠቡ። በነጠላ ጫፍ ማድረቅ የታጠበውን እጅ መልሶ ማቆሸሽ ነው። እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ካለ ወይም ተቅማጥ ያለበትን በሽተኛ ካጸዱ ሳኒታይዘር አይበቃም፤ ሳሙናና ውኃ የግድ ነው።

መቼ መታጠብ እንዳለብዎ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፦ በሽተኛውን ከመንካትዎና ከማጉረስዎ በፊት፣ ሽንት፣ ትውከት ወይም ደም ካጸዱ በኋላ፣ የአልጋውን ብረትና ኮመዲኖውን ከነካኩ በኋላ፣ እንዲሁም ከክፍሉ ሲወጡ። አንድ ነገር ግን በተለይ ማንሳት ይገባል። በእኛ ዘንድ በጎን ያለው በሽተኛ አስታማሚው ምሳ ሊያመጣ ሲወጣ «ልጄ፣ ትንሽ ቀና አድርጊኝ» ቢል ዝም የሚል ሰው የለም፤ መልካም ባህል ነው፣ ሊቀርም አይገባውም። ነገር ግን ጀርም ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሻገረው በዚሁ እጅ ስለሆነ፣ ጎረቤትን አግዘው ወደ ራስዎ ሰው ሲመለሱ በመካከል እጅዎን ያጽዱ።

3. ጠያቂዎችን ያስተናግዱ

ቢቻል ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ፤ አልጋው ላይ አይቀመጡ፤ በሽተኛውንም ከመሳም ይልቅ ቆም ብለው «እግዜር ይማርህ» ይበሉት። አጥሚቱና ሾርባው በተከደነ ዕቃ ይምጣ።

4. ካኑላውንና የሽንት ቱቦውን ይከታተሉ

ካኑላ ማለት መድኃኒትና ፈሳሽ እንዲሰጥበት ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ነው። ሰውነት ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ለጀርም መግቢያ በር ነው። የሽንት ከረጢቱ ምን ጊዜም ከበሽተኛው ወገብ በታች ይንጠልጠል፣ ወለልም አይንካ። በሽተኛው ለራጅ በስትሬቸር ሲወሰድ ከረጢቱን ሆዱ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ይህ ሽንቱ በቱቦው ወደ ፊኛ እንዲመለስ ያደርጋል። ካኑላው የገባበት ቦታ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ካመመው ወዲያው ይንገሩ። በየቀኑም «ሲስተር፣ ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ፤ ቶሎ የወጣ ቱቦ ኢንፌክሽን የማምጣት ዕድሉ ያነሰ ነው።

5. ቀዶ ጥገና ካለ

በሽተኛው ከቀዶ ጥገናው በፊት ገላውን በሳሙና ይታጠብ፤ ፀጉሩን ግን ቤት ውስጥ በምላጭ አይላጩት። ምላጭ ዓይን የማያያቸው ጭረቶች ይፈጥራል፣ ጀርምም እዚያ ይራባል። ፀጉሩ መነሣት ካለበት በሆስፒታሉ በመቁረጫ ማሽን ይነሣል። ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት፣ ቅቤም ሆነ ማር አያድርጉ፤ ፋሻውንም ራስዎ አይፍቱ።

6. የአንቲባዮቲኩን ነገር ይያዙ

ከምንም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ፣ ከፒያሳም ይሁን ከሠፈር ፋርማሲ ተገዝቶ ቤት ውስጥ የተወሰደ መድኃኒት ካለ ማሸጊያውን ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ሊቆጡኝ ይችላሉ ብለው አይደብቁ። ካልቸር (ከደም፣ ከሽንት ወይም ከመግል በተወሰደ ናሙና ላይ ጀርሙን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ከታዘዘ ናሙናው ከተቻለ ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል፤ አስቀድሞ የተወሰደ መድኃኒት ጀርሙ በምርመራው እንዳይገኝ ሊያደርግ ይችላል። ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል መከታተልና ለሐኪሙ ማስታወስ የአስታማሚው ድርሻ ይሁን።

ቀጥሎ «ጠንከር ያለ መርፌ ይታዘዝለት» እያሉ ሐኪሙን አያስጨንቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት ቡድን ይከፍላል፦ በቅድሚያ የሚታዘዙ፣ በክትትል የሚሰጡና ለመጨረሻ የሚቆጠቡ። አሞክሳሲሊን ከመጀመሪያው፣ ሁላችንም ስሙን የለመድነው ሴፍትሪያክሶን ከሁለተኛው፣ ኮሊስቲን ከሦስተኛው ቡድን ናቸው። በቀላሉ ሊድን የሚችልን ሕመም በጠንካራው መርፌ ማከም ጀርሙን መድኃኒቱን ማስለመድ ነው። መዋጥ የጀመረና እየተሻለው ያለ በሽተኛ ከመርፌ ወደ እንክብል ሲዛወርም ችላ እንደተባለ አድርገው አይውሰዱት፤ ካኑላው ስለሚወጣለት ተጠቃሚው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ እንደሞቱ ተገምቷል።

7. ቤት ሲገቡ

በየ8 ሰዓቱ የተባለ መድኃኒት ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ይወሰዳል። በሽተኛው የሚጾም ከሆነ ሰዓቱን በራሱ ከማሸጋሸግ ይልቅ ከሐኪሙ ወይም ከፋርማሲስቱ ጋር ይነጋገር። የታዘዘው 5 ቀን ከሆነ 5 ቀን ነው፤ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥም ለማጠናከሪያ ብሎ መጨመርም አይገባም። የተረፈ ካለ ለክፉ ቀን ተብሎ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ፤ ጉንፋን ለያዘው ልጅም አይሰጥ፣ ጉንፋን የቫይረስ ሕመም ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውምና።

ደም ወይም ፈሳሽ የነካውን ወለል ለማጽዳት፣ የበረኪናው ጠርሙስ 5 በመቶ የሚል ከሆነ አንዱን ስኒ በረኪና ከዘጠኝ ስኒ ውኃ ጋር ይቀላቅሉ፤ ጓንት ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋርም ፈጽሞ አያዋህዱት።

የቀዶ ጥገና ቁስል ኢንፌክሽን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም፣ በተለይ እስከ 30 ቀን ድረስ፣ ሊከሰት ይችላል። ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ፋርማሲ ሳይሆን ወደ ታከሙበት ሆስፒታል ይመለሱ፤ ሲመለሱም የመውጫ ወረቀቱንና የተወሰዱትን መድኃኒቶች ይዘው ይሂዱ።