የአረጋዊ ዘመድን የመብራት ሂሳብ ለመቀነስ፦ ከቆጣሪው ጀምሩ

የመብራት ሂሳብ ሲንር አረጋውያን ብዙ ጊዜ የሚቆጥቡት በማይጠቅመው በኩል ነው። አምፖል አጥፍተው በጨለማ ይቀመጣሉ፣ ቴሌቪዥን መክፈት ይተዋሉ። ሂሳቡን የሚያንሩት ግን በአብዛኛው ሙቀት የሚሰጡ ዕቃዎች ናቸው፤ ውሃ ማሞቂያ፣ ምድጃ፣ የክፍል ማሞቂያ። ስለዚህ "ይህን አጥፉ፣ ያንን ተዉ" ከማለታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቆጣሪው ጋ ሂዱ። እርሳቸውም አብረው ይዩ፤ በዓይናቸው ያዩትን ቁጥር ያምናሉ።

መጀመሪያ ቢሉ ላይ የተጻፈውን ንባብ ቆጣሪው ከሚያሳየው ጋር አስተያዩ። የቆጣሪው ካነሰ ንባቡ በግምት ወይም በስህተት ተሞልቷል፤ ቆጣሪውን ፎቶ አንስታችሁ አቤት በሉ። ሂሳቡ የስንት ቀን እንደሆነና ያለፈ ውዝፍ እንዳለበትም እዩ። ታሪፉ በእርከን ከሆነ ፍጆታው ትንሽ ሲጨምር ዋጋው ይዘላል።

ቆጣሪው የሚቆጥረው በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ማለት ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ቁጥር በትልቁ ጻፉላቸው። 2,000 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ በቀን 5 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ በ30 ቀን 300 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። 9 ዋት የሆነ የኤልኢዲ አምፖል ለዚያው ያህል ሰዓት ቢበራ 1.35 ብቻ ነው። ጨለማ ውስጥ መቀመጥ እንደማያዋጣ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። አሮጌ 60 ዋት አምፖል ካለ ግን ቀይሩት፤ እሱ በወር 9 ይቆጥራል።

ቀጥሎ ቆጣሪውን ፈትሹ። ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ብልጭ የምትል መብራት አለችው፤ አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። 1000 የሚል ከሆነ በየ36 ሴኮንዱ አንዴ ብልጭ ስትል ቤቱ እየሳበ ያለው 100 ዋት ነው፤ በየ6 ሴኮንዱ ከሆነ 600 ዋት። መጥፋት የሌለበት የሕክምና ዕቃ ካለ ይህን ፍተሻ ተዉት፤ ከሌለ ሁሉንም ዕቃ ከሶኬት ንቀሉ፣ የማይነቀለውን በብሬከሩ አጥፉና ጠብቁ። ብልጭታው ከቀጠለ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ያኔ ካቆመ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እየመለሳችሁ የትኛው መስመር እንደሚስብ ለዩ። ዋናው ጠፍቶም ከቀጠለ በቆጣሪውና በዋናው ብሬከር መካከል የተጠለፈ መስመር አለ ወይም ቆጣሪው ተበላሽቷል። ለኃይል አቅራቢው አሳውቁ፤ ማኅተሙን አትንኩ። አንዳንድ ቆጣሪ ምንም ሳይሳብ ሲቀር መብራቷን ሳታርገበግብ ያበራታል፤ የሚቆጥረው ብልጭታው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ውሃ ማሞቂያው ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ 1,500 ዋት ያለው ማሞቂያ ይህን አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ አካባቢ ይሠራበታል። ማንም ውሃ ሳይከፍት የማሞቂያው መብራት ከሦስት ሰዓት በላይ ካልጠፋ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ኃይሉን የሚያቋርጠው) አልቆርጥ ብሏል፣ ወይም ሙቅ ውሃ የሆነ ቦታ ይፈስሳል። የሚንጠባጠብ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ጎሚኒው ይለወጥ። ለአንድ ሰው መታጠቢያ ቀኑን ሙሉ ማብራት አያስፈልግም፤ ከመታጠቢያው ሁለት ሰዓት በፊት ይብራ። ሙቀቱ ግን ከ60 ዲግሪ አይውረድ፤ ለብ ያለ ውሃ ጋን ውስጥ ሲቆይ ለሳንባ የሚያሰጋ ባክቴሪያ ያፈራል። 60 ዲግሪ ደግሞ የአረጋዊን ስስ ቆዳ በሴኮንዶች ያቃጥላል፤ ቀዝቃዛው ቀድሞ ይከፈት። ቧንቧ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ብሬከሩን ወዲያው አውርዱና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ፍሪጁ በሩ ላይ ወረቀት ዘግታችሁ ሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ የበሩ ጎማ ለቋል። የፍሪጁ ውስጥ 4 ዲግሪ፣ በረዶ የሚሠራው ክፍል 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይበቃዋል። ከግድግዳው አስር ሴንቲ ሜትር አርቁት፣ ከኋላው ያለውን አቧራ ጥረጉ፣ በረዶው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲወፍር አሟሙት። የውሃ ፓምፕ ካለ ማታ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ እየተነሳ እንደሆነ አዳምጡ፤ ከተነሳ መስመሩ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው።

የስልክ ቻርጀር መንቀል ሂሳቡ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም፤ በዚህ አታስጨንቋቸው።

የማይነኩም ነገሮች አሉ። የኦክስጅን መሣሪያ ወይም ሌላ የሕክምና ዕቃ፣ የደረጃና የመጸዳጃ ቤት የሌሊት መብራት ይቆዩ። በብርድ ጊዜ ማሞቂያውን ጨርሶ አታጥፉባቸው፤ ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት መብረዱን ቶሎ አይነግርም። የሚቀመጡበትን አንድ ክፍል ብቻ ማሞቅ፣ በሩን መዝጋትና ብርድ የሚያስገባውን ቀዳዳ መድፈን ይሻላል።

አንድ ነገር ስትቀይሩ ሌላውን አትንኩ። ንባቡን በሳምንት አንድ ቀን በዚያው ሰዓት ጻፉ፤ ወረቀቱ ቆጣሪው አጠገብ ይለጠፍ። ቀጣዩ ቢል ሲመጣ በዚያ ወረቀት ራሳቸው ማመሳከር ይችላሉ።