የተሰነጠቀውን የሞዴል ሄሊኮፕተር ሽፋን በቤቴ እንዴት እንደቀዳሁት

ካኖፒ የሚባለው የአሮጌ ሞዴል ሄሊኮፕተሬ የፊት ሽፋን ጣና ዳር ሳበርረው ወድቆ ተሰነጠቀ፤ ፋብሪካው ማምረት በማቆሙም ምትኩ ባሕር ዳር ቀርቶ አዲስ አበባም አልተገኘም። ስንጥቁን ከውስጥ በፕላስተር አያይዤ፣ እንዳይጎብጥ ሆዱን በእርጥብ አሸዋ ሞልቼ፣ ቫዝሊን በስሱ ከቀባሁት በኋላ ግራና ቀኙን ለየብቻ በጀሶ ቀረጽሁ። አዲሱን ሽፋን በምሠራበት ፖሊስተር ሬዚን (ማጠንከሪያ ሲቀላቀልበት በሚደነድን ፈሳሽ) ውስጥ ያለው ስታይሪን የተባለ ኬሚካል አንዳንድ ፕላስቲኮችን ስለሚያሟሟ፣ ብቸኛውን ናሙናዬን በቀጥታ ሬዚን ላስነካው አልደፈርሁም።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ወቅቱ ክረምት ነበርና ጀሶው ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥበት ስለያዘ፣ ቅርጹን የነካው የሬዚኑ ገጽ ሳይጠነክር እንደ ማር እየተጣበቀ ቀረ። መስከረም ሲጠባ የሠራሁትን ሁለተኛ ቅርጽ ግን ለ9 ቀናት በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመታሁት፤ ጉንጬ ላይ ሳስጠጋው ቅዝቃዜ እስከማይሰማኝ ድረስም ታገሥሁ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ ቫርኒሹ በሚገባ ሲደርቅ የመኪና ሰም ሦስት ጊዜ እየደረብሁ ወለወልሁት።

ለ100 ግራም ሬዚን 1.5 ግራም ማጠንከሪያ ቀላቅዬ ሁለት ንብርብር ስስ ፋይበር ግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ) አለበስሁት፤ የአየር አረፋውን በብሩሽ ጫፍ እየጠቀጠቅሁ ማስወጣቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። በማግስቱ ሁለቱም ግማሾች ሳይጎዱ ወጡ። በውስጥ በኩል በፋይበር ቁራጭ አጋጥሜ፣ ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ ጭንብል አድርጌ በውኃ እያራስሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት። አዲሱ ሽፋን ከዋናው ትንሽ ስለሚከብድ፣ ሚዛኑ እንዲመለስ ባትሪውን 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ገፋሁት።