መጫወቻው ለምን ጥቂት ሆኖ መጣ? ሰብሳቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መደርደሪያው ሙሉ ነው። ዋናው ጀግና ብቻውን ስድስት ቦታ ተሰቅሏል። እርስዎ የሚፈልጉት ገጸ ባሕሪ ግን የለም። ሌላ ሱቅ ይሄዳሉ፤ እዚያም ያው ጀግና ተደርድሮ ይጠብቅዎታል። ቤት ገብተው ኢንተርኔት ሲከፍቱ ያጡት መጫወቻ በሦስት እጥፍ ዋጋ እየተሸጠ ነው። ያኔ ንዴትና ችኮላ አንድ ላይ ይመጣሉ። እኔም ለዓመታት ስሰበስብ በእንዲህ ያለ ሰዓት የከፈልኩት ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የቆጨኝ መግዛቴ አይደለም። መጫወቻው ለምን እንደጠፋ ሳልጠይቅ መግዛቴ ነው።

ስህተት 1፦ «ሆን ብለው ደብቀውት ነው» ብሎ መደምደም

መጫወቻ ከፋብሪካ ወደ ሱቅ የሚሄደው በካርቶን ነው። አክሽን ፊገር (እጅ እግሩ የሚንቀሳቀስ የገጸ ባሕሪ መጫወቻ) ከሆነ በአንድ ካርቶን ብዙ ጊዜ 8 ወይም 12 ፍሬ ይገባል። የትኛው ገጸ ባሕሪ ስንት እንደሚሆን አምራቹ አስቀድሞ ይወስናል። 8 ፍሬ በሚይዝ ካርቶን ውስጥ ጀግናው 3፣ ጠላቱ 2፣ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ አንድ አንድ ናቸው እንበል። ሱቁ ሦስት ካርቶን ቢያስመጣ 9 ጀግና ይደርሰዋል። እርስዎ ከሚፈልጉት ገጸ ባሕሪ ግን የሚደርሰው 3 ብቻ ነው። ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ሰው ሦስቱንም አንስቶ ከሄደ አለቀ። ሰብሳቢዎች እንዲህ በቁጥር አንሶ የመጣውን «ሾርት ፓክ» ይሉታል።

ባለሱቁ «ጀግናው ይበቃኛል፣ ያችኛዋን ብቻ ላኩልኝ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ አይችልም። የሚያዝዘው ካርቶኑን እንዳለ ነው። ትዕዛዙም ከወራት በፊት የተሰጠ ነው፤ አንዳንዴ ፊልሙ ወይም ተከታታዩ ገና ሳይወጣ፣ ማን እንደሚወደድ ማንም ሳያውቅ። አምራቹ የሚገምተው ቀላል በሆነ ስሌት ነው። ለልጁ ልደት አንድ መጫወቻ ብቻ የሚገዛ ወላጅ ጀግናውን ያነሳል። ስለዚህ ጀግናው ይበዛል። ሁሉንም የሚፈልገው ሰብሳቢ በቁጥር ጥቂት ነው፤ የጎን ገጸ ባሕሪው የሚላከውም በእሱ ልክ ነው።

ከዚህ የከፋ ደግሞ አለ። የቀሩት ጀግኖች ሳይሸጡ ተሰቅለው ይከርማሉ። ሰብሳቢዎች «ፔግ ዋርመር» የሚሏቸው እነዚህን ነው። አሮጌው ካላለቀ ባለሱቁ አዲስ ካርቶን አያዝዝም። መደርደሪያው የሞላ ስለሚመስል የሚቀጥለው ዙር ጭራሽ ሳይመጣ ይቀራል። የእርስዎ መጫወቻ ጠፍቶ ሳይሆን መንገዱ በሌሎች ተዘግቶበት ነው።

ገንዘቡንም እንመልከት። አንድ አዲስ ቅርጽ ለማውጣት የብረት ሞልድ (ፕላስቲኩ ተፈስሶ ቅርጽ የሚይዝበት) ይቀረጻል፤ ወጪው ከባድ ነው። ሞልዱ አንድ ሺህ ፍሬ ቢያወጣም መቶ ሺህ ቢያወጣም የመሥሪያ ዋጋው ያው ነው። ስለዚህ ጥቂት ፍሬ ማምረት ለአምራቹ እያንዳንዱን ያስወድድበታል። ብዙ ኩባንያዎች አንዱን አካል ይዘው ጭንቅላቱንና ቀለሙን ብቻ እየቀየሩ ሌላ ገጸ ባሕሪ የሚያወጡትም ለዚህ ነው። ከሁለተኛ እጅ ገበያው ሦስት እጥፍ ዋጋ ደግሞ ለአምራቹ አንዲት ሳንቲም አትደርሰውም።

ስህተት 2፦ ሁሉንም እጥረት አንድ አድርጎ ማየት

ሆን ተብሎ የሚቀነስም አለ። ይህን ግን አምራቹ ራሱ ይናገራል። የትንንሽ መጫወቻ መኪኖች አምራቹ ሆት ዊልስ በ1995 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ትሬዠር ሀንት የሚባለውን ተከታታይ ሲያወጣ 12 መኪኖች ነበሩ፤ የእያንዳንዳቸው ብዛት 10,000 መሆኑም ታውቆ ነበር። ትልቅ ጭንቅላት ያላቸው የፈንኮ ኩባንያ መጫወቻዎች፣ ፈንኮ ፖፕ፣ ደግሞ «ቼይስ» የሚባሉ ልዩ ቀለም ወይም ልዩ ገጽታ ያላቸው አሏቸው፤ ብዙ ጊዜ ከ6 አንዱ ነው። ሌጎ በ2013 በአሥረኛው የሚኒፊገር (ትንንሽ የሰው ቅርጽ) ተከታታይ ውስጥ ሚስተር ጎልድ የተባለውን ወርቃማ ሰውዬ ለመላው ዓለም 5,000 ብቻ አስገባ።

እንዲህ ያለውን ለይቶ ለማወቅ ዓይን ማሠልጠን ያስፈልጋል። ከ2007 ወዲህ የሚወጣውን የሆት ዊልስ ሱፐር ትሬዠር ሀንት በእጅዎ ይዘው መብራት ስር አዙሩት። ቀለሙ ከስሩ ብረቱ የሚያበራ ይመስላል፤ ከረሜላ ላይ እንዳለ ቅባት ጥልቀት አለው። ጎማውን በጥፍር ሲነኩት ይለጥጣል፤ እውነተኛ ላስቲክ ነው። ከጎኑ የተራው መኪና ጎማ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። ዋጋቸው መደርደሪያ ላይ እኩል ነው። የማያውቅ ሰው በአጠገቡ ያልፋል።

ሌላው ዓይነት እጥረት በአጋጣሚ የሚመጣው ነው፤ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። በ1978 ኬነር የተባለው ኩባንያ የስታር ዋርስ ፊልም የመጀመሪያዎቹን መጫወቻዎች ሲያወጣ ጃዋ የተባለው ትንሹ ፍጡር የቪኒል ካባ ለብሶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ካባው በጨርቅ ተቀየረ። ዛሬ ሰው የሚፈልገው ያን የቪኒሉን ነው። ያክ ፌስ የተባለው ሌላው የስታር ዋርስ መጫወቻ ደግሞ የወጣው የኬነር ምርት ሊቆም ሲቃረብ በ1985 ነው፤ በአሜሪካ ሱቆች ሳይሸጥ ሌላ አገር ብቻ ተሸጠ። ማንም ሰብሳቢን ለማስጨነቅ ያሰበው ነገር አልነበረም። ገበያው ቀዝቅዞ ነበር፣ በቃ።

ቢች ቦምብ የተባለችው የሆት ዊልስ መኪናም እንዲሁ ናት። በ1969 ገደማ የተሠራው የመጀመሪያ ሙከራ የባሕር ሞገድ መንሸራተቻ ሰሌዳዎቹ በኋላ መስኮቱ ይወጡ ነበር። መኪናዋ ጠባብ ስለሆነች ከመጫወቻ መንገዱ ማስፈንጠሪያ ጋር አልስማማ አለች። ጎኗን አስፍተው ሰሌዳዎቹን ወደ ጎን አዛወሩና ሰፊዋን ለሽያጭ አወጡ። ጠባቧ በሙከራነት ቀረች፤ አሁን በዓለም ላይ ከታወቁት ውድ ትንንሽ መኪኖች አንዷ ናት።

እና ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፦ ይህ የካርቶን ሒሳብ ነው? የታቀደ ነው? ወይስ ተቀይሮ የቀረ? የካርቶን ሒሳብ ከሆነ ሌላ ካርቶን ሊመጣ ይችላል። ተቀይሮ የቀረ ከሆነ አይመለስም። ዋጋውን የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

ስህተት 3፦ «ከ72 አንዱ» ሲባል 72 ከገዛሁ አገኛለሁ ማለት

ውስጡ የማይታየው ሳጥን፣ ማለትም ብላይንድ ቦክስ፣ እጥረቱን የሸጠበት መንገድ ግልጽ ነው። ፖፕ ማርት የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2023 ባወጣው የመጀመሪያው የላቡቡ (ጥርሳም ፀጉራም ፍጡር) ማካሮን ተከታታይ ውስጥ ስድስት ተራ ቀለሞችና አንድ ሚስጥራዊ ነበሩ። ሚስጥራዊው ከ72 አንዱ ነው። በሌሎች 12 ዓይነት ባላቸው ተከታታዮች ብዙ ጊዜ ከ144 አንዱ ይሆናል።

አሁን ስሌቱን ልብ ይበሉ። ከተለያየ ቦታ አንድ አንድ እየለቀሙ 72 ሳጥን ቢገዙ፣ ሚስጥራዊውን ቢያንስ አንዴ የማግኘት ዕድልዎ 63 በመቶ ገደማ ነው። ባዶ እጅዎን የመቅረትዎ ዕድል ከሦስት አንድ በላይ ነው ማለት ነው። 72 ሳጥን ገዝቶ! ይህን ቁጥር ለሚያፈቅሩት ሰው ሁሉ ይንገሩ።

ተራዎቹም ቢሆኑ ያስቸግራሉ። 12 ዓይነት ያለውን ተከታታይ በነጠላ እየገዙ ለመጨረስ በአማካይ 37 ሳጥን ያህል ያስፈልጋል። የመጨረሻዋ አንዷ ብቻ በአማካይ 12 ሳጥን ትበላለች። ያልተከፈተ ሙሉ ካርቶን ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ሁሉም ዓይነት ሳይደገም ይገባል፤ ሚስጥራዊው ከመጣ የአንዱን ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ሙሉውን ለመሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ከጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ ሙሉ ካርቶን ቢገዛ ይሻለዋል። ለልጆች ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። ቻይና በ2023 ባወጣችው መመሪያ ብላይንድ ቦክስ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሸጥ የከለከለችው አለምክንያት አይደለም። ትክክል ነው እላለሁ።

ስህተት 4፦ ጥቂት ስለሆነ ይወደዳል ብሎ ማከማቸት

ቲ የተባለው ኩባንያ ቢኒ ቤቢስ የሚባሉትን ለስላሳ የጨርቅ እንስሳት በ1990ዎቹ ሲሸጥ አንዳንዶቹን «ከዚህ በኋላ አይመረቱም» እያለ ያቆም ነበር። ሰው ተሻምቶ ገዛ። በ1999 ሁሉንም በዓመቱ መጨረሻ አቆማለሁ አለ። ከዚያ የሕዝብ ድምፅ አሰባስቦ ምርቱን ቀጠለ። በሣጥን ሞልተው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ አብዛኞቹ ያኔ ከተገዙበት ዋጋ ብዙም አይበልጡም። ሁሉም ሰው ያስቀመጠው ነገር ከገበያ አልጠፋም ማለት ነው።

አምራቾችም ይህን በተቃራኒው ቀምሰውታል። ፈንኮ በ2023 መጋዘን ውስጥ የተከማቸ ከ30 እስከ 36 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት መጫወቻ እንደሚያስወግድ አስታወቀ። የማከማቻው ወጪ ከብዶት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ኩባንያ በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩን ቢቀንስ አይገርምም።

ስህተት 5፦ በመጀመሪያው ሳምንት ዋጋ መግዛት

ይህ አጭር ነው። የመጀመሪያው ጭነት በደረሰ ሰሞን ዋጋው ከፍተኛው ላይ ይሆናል። ሁለተኛው ጭነት ሲመጣ፣ ወይም ያው መጫወቻ በቀጣዩ ዙር ካርቶን ውስጥ ደግሞ ሲገባ ይወርዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ጥቂት ሳምንት ይታገሡ።

ስህተት 6፦ ተለጣፊውን አይቶ መጫወቻውን አለማየት

የፈንኮ ቼይስ ተለጣፊ ከአንድ ሳጥን ተልጦ ሌላው ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ስለዚህ የሚመረምሩት በመስኮቱ የሚታየውን መጫወቻ ነው። ቀለሙ ወይም ገጽታው ከተራው ካልተለየ ተለጣፊው ምንም አይደለም። ላቡቡ ላይ ደግሞ ጥርስ ይቁጠሩ፤ የእውነተኛው 9 ነው። ጥርሱ ከበዛ ወይም ካነሰ አስመስሎ የተሠራ ነው። ጥርሱ ልክ ሆኖም ስፌቱ የተንሻፈፈና ቀለሙ ከመስመር የወጣ ከሆነ ይተዉት።

ስህተት 7፦ «ጥቂት የመጣው ስለማይሸጥ ነው» የሚለውን ማመን

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ሾርት ፓክ የሚደረጉት ሴት ገጸ ባሕሪዎች ናቸው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ወንድ ልጆች አይገዟቸውም» ይባላል። ነገሩን በካርቶን ሒሳብ እንየው። በካርቶኑ ውስጥ አንዷ ብቻ ትገባለች። በመጀመሪያው ቀን ትሸጣለች። ከዚያ በኋላ የመጡት አሥር ሰዎች ባዶ መስቀያ አይተው ይመለሳሉ፤ እነሱን የሚመዘግብ የለም። ሦስት ካርቶን ባስመጣው ሱቅ በወሩ መጨረሻ ኮምፒውተሩ «ጀግናው 9፣ እሷ 3» ይላል። ይህ ቁጥር ለአምራቹ ይደርሳል። አምራቹም «አላልናችሁም?» ይልና በሚቀጥለው ካርቶን ውስጥ እንደገና አንዷን ብቻ ያስገባል። ቁጥሩ የፈላጊውን ልክ አልለካም። የተላከውን መልሶ ቆጠረ እንጂ።

በ2015 ሀስብሮ የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ ባወጣው የስታር ዋርስ ሞኖፖሊ (የሰሌዳ ጨዋታ) ውስጥ በዚያ ዓመት የወጣው ፊልም ዋና ገጸ ባሕሪ ሬይ አልነበረችም። ሉክ ነበር፣ ዳርት ቬደር ነበር፣ ፊን ነበር፣ ካይሎ ሬን ነበር። ፊልሙ የሷ ታሪክ ሆኖ ሳለ! አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈች፤ ብዙ ሰውም ጮኸ። በ2016 መጀመሪያ ሀስብሮ ሬይን እንደሚጨምራት አስታወቀ።

ስለዚህ ባዶ መስቀያ ሲያዩ ዝም ብለው አይውጡ። ባለሱቁን በስም ይጠይቁት፤ «እገሊትን ነው የምፈልገው፣ ስሜንና ስልኬን ያዝልኝ» ይበሉት። አብዛኞቹ ባለሱቆች ለሚቀጥለው ትዕዛዝ የሚያዩት ደብተር ወይም ፋይል አላቸው። በሽያጭ ኮምፒውተሩ ውስጥ የማይታየው ፈላጊ የሚታየው እዚያ ላይ ሲጻፍ ነው። እኔ ባለፈው ጊዜ ስጠይቅ በገጹ ላይ ከኔ በፊት አምስት ስም ተጽፎ አገኘሁ፤ አምስቱም ያንኑ መጫወቻ ነበር የጠየቁት።